መሪጌታው በአፍሪካ አዳራሽ

ሞላሌ፣ መስከረም 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ ወልደ ጻድቅ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ ዘንድሮ ዛላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል፤ ውርጭ ካልቀደመን ጎተራው ይጠበናል። አክስትሽን ዘነበችን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ለጎረቤታችን ለተገኘ ሰጥቶት ኖሮ፣ ተገኘ እንደምታውቂው የሰው ነገር ማሳደር አይሆንለትም፤ ደጀ ሰላም ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ ሳለ "መሪጌታ፣ የዶክተሯ ደብዳቤ" ብሎ አቀበለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እዚያው ከፍቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከገጹ ግማሽ ስደርስ ንባቤን አቋረጥኩ። "ምነው፣ ደህና አይደለችም?" አሉኝ። "ደህና ናት፤ ጽሕፈቷ ደቅቆብኝ ነው" አልኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ተቆጥተው ይሆን ላልሽኝ፣ አልተቆጣሁም። አልገባኝም እንጂ። ውጤትሽ ለሕክምና በቅቶ፣ ሌላው ልጅ አልቅሶ የማያገኘውን አንቺ አግኝተሽ፣ ትተሽው የሕንፃ ጥበብ ልትማሪ ተመዘገብሽ። ልጄ፣ ቤት ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ ይገባል? እዚህ እኮ ቤት የማይሠራ ሰው የለም። ድንጋዩ ከደጅ፣ ሣሩ ከጓሳ፣ ጉልበቱ ከደቦ ነው።

አንድ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። እናትሽ ሁለተኛዋን ልትወልድ ምጥ በጠናባት ቀን በቃሬዛ ይዘናት ወደ ሐኪም ቤት ስንገሰግስ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። እዚያው መንገዱ ላይ ተንበርክኬ "ይህችን የቀረችልኝን ሐኪም አደርጋታለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ።

ክፍል መቀየር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይፈቀዳል ብለሻል። እንግዲያውስ ቀይሪ።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደ ጻድቅ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

ጉልበትዎን እስማለሁ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ስለ እናቴ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ብዕር ለማንሣት አቅም አጣሁ። አክስቴ ዘነበች ሁልጊዜ "በሕመም ነው" ብላ ነበር የምታልፈኝ። አሁን ስታየኝ አወቀችብኝና እሷም አለቀሰች። እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዎን ተሸክመውት መኖርዎን ሳስብ፣ በማግሥቱ ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄጄ ክፍሌን ለመቀየር ተሰልፌ ነበር። ወረፋው ሳይደርሰኝ ወጣሁ። ለምን እንደ ወጣሁ እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

ለአክስቴ በላኩት ቃል "ይህን ነገር ማን አስተማራት?" ብለዋል አሉ። ማንም አይደለም። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የክፍላችንን ልጆች አፍሪካ አዳራሽ ሊያስጎበኙ ወሰዱን። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው፣ የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው አንድነታቸውን የመሠረቱበት ሕንፃ ነው። እኔ የሄድኩት ሌላው ስለ ሄደ ብቻ ነበር። ስንገባ ቀኑ ደመና ነው። መግቢያው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ሦስት ትልልቅ ክፍል ያለው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል አለ። ቆንጆ ነው ብዬ አለፍኩት። ልንወጣ ስንል ግን ደመናው ተገፈፈ። አባባ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ቀዩም ሰማያዊውም ቢጫውም ከመስተዋቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። የጓደኛዬ ነጭ ሹራብ አረንጓዴ ሆነ። እጄን ዘረጋሁ፣ መዳፌ ላይ ቀይ ብርሃን ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ቤት ያሰበው ሰው፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣና እኔ በየት በኩል እንደምቆም፣ እኔ ሳልወለድ አስቦልኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ሲባል ግድግዳው አይታየኝም። ብርሃኑ በየት ይግባ፣ ሰዉ በየት ይለፍ፣ የሚለው ነው የሚታየኝ። የማስበው ሁሉ ይህ ሆኗል።

እባክዎ አንድ ጊዜ መጥተው ይዩት። ኮሌጁ ደብዳቤ ጽፎልኝ ለሐሙስ ጥቅምት 13 የመግቢያ ፈቃድ በእርስዎ ስም ወጥቷል። አይተውት "ቀይሪ" ካሉኝ በማግሥቱ እቀይራለሁ፤ ሁለተኛም አላነሣብዎትም። ቃሌ ነው።

ልጅዎ
ፀደንያ


ሞላሌ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እመጣለሁ።

ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ሳስብ፣ ምንም አያምጡ ማለትሽን አክስትሽ ልካብኛለች። ባዶ እጁን ከመንዝ የሚወጣ ሰው የለም። ለዘነበች ባና አሠርቼላታለሁ፤ የበግ ጠጉር ነው፣ የአዲስ አበባ ብርድ አይደፍረውም።

ተገኘ "መሪጌታ፣ ወዴት ነው?" ቢለኝ "ሕንፃ ልጎበኝ" አልኩት። ሙግት ያለብኝ መስሎት "ነገሩን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት" ብሎ ተቀየመ። አልፈርድበትም። እኔም በዕድሜዬ ለለቅሶ ሄጃለሁ፣ ለንግሥ ሄጃለሁ፣ ለሙግት ሄጃለሁ። ቤት ለማየት ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ግን ከዘራችን እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ጎብኚ መሆን እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። ጫማ ያስወልቃሉ? ሲገቡ ምን ይባላል? ጥምጥሜን ላጥብ ወይስ አዲስ ልግዛ? አስቢበት።

ያን አዳራሽ በወሬ አውቀዋለሁ። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ እኔ የዜማ ተማሪ ሳለሁ፣ የአገሩ ነጋዴ ቤት ሬዲዮ ተከፍቶ የጉባኤውን ዜና ሰምተናል። "የአፍሪካ ነገሥታት ሁሉ አንድ ቤት ገቡ" ሲሉ ከመካከላችን አንዱ "ሁሉን የሚችል ቤት ምን ያህላል?" ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም። ስለዚህ ለማየት ጉጉት የለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ሰሞኑን ቅዳሴ ላይ እንኳ ሐሳቤ ይሄድብኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግን እወቂው፤ ለመሸነፍ አልመጣም። ቃልሽንም ይዤዋለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

በደህና ገብተው ይሆን? ሰላም መግባትዎን እስክሰማ እንቅልፍ የለኝም።

ዓርብ ጠዋት ከኮሌጁ መኝታ ክፍሌ በሩጫ አክስቴ ቤት ስደርስ "ሳይነጋ ወጣ፣ ለአውቶቡሱ ነው" አለችኝ። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ሐሙስ ከአዳራሹ ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም። በታክሲው ውስጥ ዝም፣ እራት ላይ ዝም። አክስቴ "ታዲያ እንዴት ነው ሕንፃው?" ስትልዎ "ደህና ነው" ብለው ወደ መኝታዎ ሄዱ።

ምን አጠፋሁ? ቀኑን ሁሉ ከራሴ ጋር እመረምረዋለሁ። ሲገቡ ጥበቃው መቋሚያዎን "ዱላ ይዞ መግባት አይፈቀድም" ብሎ ሲቀበልዎ ፊትዎ ተለዋውጦ ነበር። ዱላ አለመሆኑን፣ የማኅሌት ዘንግ መሆኑን ልነግረው ስል እርስዎ "ተይው፣ ልጁ ሥራውን ነው የሚሠራ" አሉኝ። በዚያ አዘኑ? ክብ በሆነው የጉባኤ አዳራሽ ግን ደስ ብሎዎት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በየአገሩ ቋንቋ የሚያሰማውን የጆሮ መስሚያ ሲያዩ "እንዲህ ከሆነስ ባቢሎንም ግንቧን ትጨርስ ነበር" ሲሉ አስጎብኚው ሳቀ። ከመስተዋቱ ፊት ቆመውም "ይህን ሁሉ የሚወለውለው ማነው?" ብለው ጠይቀዋል። የተከፋ ሰው እንዲህ አይጠይቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኋላ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አስጎብኚው እስኪመጣ ለእርስዎ ብቻ ልንገር ብዬ የጀመርኩት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሲከቡን ሳላቆም ቀረሁ። አባቴን ያህል ሰው አጠገቤ ቆሞ፣ በአደባባይ ያን ያህል ማውራቴ አሳፍሮዎት እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ትናንት አውቶቡስ ተራ ሄጄ ረዳቱን "አባቴን ዓርብ በደህና አደረስክልኝ?" ብለው "እሳቸው የተሳፈሩት ቅዳሜ ነው" አለኝ። ዓርብ የት ዋሉ? የትስ አደሩ?

የመቀየሪያው ጊዜ ሊያልቅ ነው። ይበሉ የሚሉትን ይበሉኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ዝምታውን ግን አልችለውም።

ልጅዎ
ፀደንያ


ሞላሌ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በደህና ገብቻለሁ። ስላስጨነቅሁሽ ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ረዳቱ ዛሬውኑ እንዲያደርስልሽ አደራ ብዬዋለሁ።

ዓርብ የት እንደ ዋልኩ ልንገርሽ። ለዘነበች ግን አትንገሪያት፤ ቤቷን ትቼ ሌላ ቦታ ማደሬን ከሰማች ዘላለም አትለቀኝም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ስነሣ እጄ ባዶ ነው። መቋሚያዬን ከጥበቃው ዘንድ ረስቼው ወጥቻለሁ። ከማኅሌት እስከ ገበያ ከእጄ ተለይቶ የማያውቅ ዘንግ፣ ያን ዕለት ትዝም አላለኝ። እንዲህ ያስረሳኝ ምን እንደ ነበር አንቺው ገምቺ። እስጢፋኖስ ገብቼ ኪዳን አደረስኩና ወደ አዳራሹ ወጣሁ። ጥበቃው አወቀኝ።

"አባቴ፣ ትናንት ልጠራዎት ነበር፤ እንደ ሕልም ሲሄዱ ባይ ጊዜ ፈራሁ" ብሎ ዘንጌን አመጣልኝ።

"አንድ ጊዜ ብቻ መስኮቱን አይቼ ልውጣ" አልኩት።

"የዛሬ ፈቃድ የለዎትም እኮ።"

እውነቱን ነው። መርቄው መንገዱን ተሻገርኩ። ከዚያ አውቶቡስ ተራ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ዘወር ስል ግን ሕንፃውን አየሁት። ሐሙስ ውስጡን እንጂ ደጁን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ አንቺ እጄን ይዘሽ ስታጣድፊኝ ነበር። አሁን የጠዋት ፀሐይ አርፋበታለች። ያን ያህል ድንጋይና መስተዋት ተጭኖበት የከበደው አይመስልም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጥላው እየተሰበሰበ፣ መስኮቱ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እየበራ ይሄዳል። እኔም ቆሜ ቀረሁ። ለካ የቆምኩት የቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ኖሯል። አንድ ወታደር መጣ።

"አባት፣ ሰው እየጠበቁ ነው?"

"የለም፣ ያን ሕንፃ እያየሁ ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

"ልጄ የምትማረውን ትምህርት እያየሁ ነው። ቶሎ የሚያልቅ አልሆነልኝም" አልኩት።

ልጁ ሳቀ። እዚህ መቆም ክልክል ነው ሊለኝ መጥቶ ኖሮ፣ እሱም ዞሮ ማየት ጀመረ። "እኔ እዚህ በቆምኩ ቁጥር ፊቴ ወደሱ ነው፤ አይቼው ግን አላውቅም" አለኝ። ኋላ አለቃው እንዳያየኝ ፈርቶ "እባክዎ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አለ። ፈቀቅ አልኩ። ከፈቀቅሁበት ደግሞ ሌላ ገጹን አየሁ። እንዲህ ስፈቅቅ አውቶቡሱ አመለጠኝ፤ እስጢፋኖስ ቅጥር ግቢ ውስጥ አደርኩ።

ልብ በይ፣ "ልጄ የምትማረውን" ነው ያልኩት። "የተማረችውን" አላልኩም፣ "ልትተወው ያለችውን"ም አላልኩም። አፌ ከልቤ ቀድሞ ፈረደ።

አሁን ስለ ሐሙሱ። አሳፍሬዎት እንደሆነ ብለሻል። ፀደንያ፣ ያለ እናት ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ትደበቂ ነበር። ስምሽን ሲጠይቁሽ የምመልስልሽ እኔ ነበርኩ። "ይህች ልጅ ሰው ፊት እንዴት ትኖር ይሆን" እያልኩ ስንቱን ቀን ተጨንቄአለሁ። ሐሙስ መጀመሪያ በጆሮዬ ነበር የምታንሾካሹኪው። "ይኸኛው ያለፈው ነው፣ እነዚህ በሰንሰለት ያሉት እኛው ነን፤ ያኛው የሚመጣው ነው፣ ችቦውን ያዩታል?" ስትዪኝ፣ ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ያቺ የወሎ ሴትዮ፣ "ልጄ፣ እስቲ ጮክ በይ፤ እኛም እንስማ" አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ አታውቂውም፤ ፊትሽ ወደ መስተዋቱ ነበር። እኔ ግን መስተዋቱን ትቼ አንቺን አየሁ። አስጎብኚው መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ አላቋረጠሽም። አንድ ሽማግሌ ጥያቄ ጠየቀሽ፣ ሳትደነግጪ መለስሽለት። ቀለሙ በግንባርሽ ላይ ያልፍ ነበር።

ማኅሌት ስናስተምር፣ ዜማው የገባውን ልጅ በድምፁ አንለየውም። ድምፅማ የእግዜር ስጦታ ነው። መቋሚያውን ሳያስበው በጊዜው ሲያነሣ ነው "ይህ ልጅ ገባው" የምንል። ሐሙስ እጅሽ እንደዚያ ሲነሣ አየሁ። ዝም ያልኩት ስለዚህ ነው። አፌን ብከፍት ድምፄ ይከዳኝ ነበር፤ ለአባት ደግሞ በታክሲ ውስጥ ማልቀስ አይሆንም።

ስለቴን ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። "መሪጌታ፣ የተሳልከው አንተ፣ ከፋይዋ ልጅህ? ይህ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?" አሉኝ። እንግዲህ በዚህ አገር ምጥ የጠናባት ሴት በተነሣች ቁጥር፣ ሌሊትም ይሁን ዝናብ፣ ከቃሬዛው ሥር የፊተኛው ትከሻ የእኔ ይሆናል። ጉልበቴ እስኪዝል። ይህን ተስዬ ተፈትቻለሁ። አንቺም ተፈትተሻል።

አትቀይሪ።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደ ጻድቅ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

ደብዳቤዎን ያነበብኩት አውቶቡስ ተራ ቆሜ ነው። ረዳቱ "መጥፎ ወሬ ነው?" ብሎ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። በእጄ ብቻ "አይደለም" አልኩት። ከዚያ እስከ ኮሌጃችን፣ እስከ ልደታ፣ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ መሄድ የምችል አልነበርኩም።

ትከሻዎን ስለ ሰጡበት ነገር ምን እንደምል አላውቅም። ብቻ በዝናብ ሲወጡ ጫማዎን ይጫሙ። ይህን ይታዘዙኝ።

አሁን ትልቅ ወሬ አለኝ። የመጀመሪያውን የሥዕል ሥራ ሰጡን። መምህራችን "አፍሪካ አዳራሽን የሚስል እንዳይመጣብኝ፤ ያደጋችሁበትን ቤት ልኩን ጠብቃችሁ ሣሉ" አለን። እኔ ሳቅሁ፤ ከሁሉ የሚቀልለው መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን ምንም አላውቅም። የበሩ ቁመት ምን ያህል ነው? ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል? ስገባ ጎንበስ እል እንደ ነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ከጎኔ ያለው የከተማ ልጅ ቤቱን ሄዶ ለክቶ መጣ። እኔ እንዴት ላድርግ?

እባክዎ ከተቻለዎ በገመድም ሆነ በክንድ ለክተው ይላኩልኝ። ብርሃኑ ጠዋት በየት በኩል ገብቶ የት ላይ እንደሚያርፍም ይጻፉልኝ። ክብ ቤት ስለሆነ ከመካከሉ ምሰሶ ወደ ግድግዳው አንድ ልክ ብቻ ይበቃኛል፤ ብዙ አያደክምዎትም።

የምትናፍቅዎ ልጅዎ
ፀደንያ


ሞላሌ፣ ኅዳር 23 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የአሰጋሽን ምራት በቃሬዛ አወረድናት፤ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው። ጫማዬን ተጫምቼ ነበር።

ልኩን በአንድ ቀን ጨርሼ እልክልሻለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ተገኘን ገመዱን ያዝልኝ ብዬ ጠራሁት። ተገኘ ደግሞ ያገሩን ሰው ጠራ። "ዩኒቨርሲቲ የመሪጌታን ቤት ልኩን ፈለገ" ብሎ ነው ያስወራው። ገሚሱ መንግሥት ሊያፈርሰው ነው አለ፣ ገሚሱ ሊሸልመው ነው አለ። ያየሁትን የአዳራሹን ነገር ከነገርኳቸው ወዲህ ደግሞ ጥያቄያቸው አያልቅም። "ጣሪያው ያለ ምሰሶ እንዴት ቆመ?" ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ? ከፋሲካ በኋላ ስድስት ሰው ሆነን እንመጣለን፤ ፈቃዱን በጊዜ ጠይቂልን። ተገኘ ከወዲሁ ጥምጥም ገዝቷል፤ ጥምጥም የሚጠመጥም ሰው አይደለም፣ ጎብኚ የሚለብሰው መስሎት ነው።

ስለ ቤቱ። ከምሰሶው ወደ በሩ ለካን። ከምሰሶው በምድጃው በኩል ወዳለው ግድግዳ ለካን። አልተስማማም። ተገኘ ገመዱን አላልተዋል አለኝ፣ እኔ አንተ ነህ ያላላኸው አልኩት። ዙሪያውን ደግመን ዞርን። ልጄ፣ ክብ ነው ስንል የኖርንበት ቤት ክብ አይደለም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ በምዕራቡ በኩል ደረቱን ገፋ አድርጎ ወጥቷል። ቆመን ተሳሳቅን። ኋላ አሰጋሽ አስታወሰችን፤ ግድግዳውን ስናቆም እናትሽ ከድንጋዩ አቀባዮች መካከል ነበረች፤ በዚያ በኩል ቆማ "ለልጅ መተኛ ትንሽ ገፋ አድርጉት" ብላ ነበር። ግንበኛው "ክቡ ይበላሻል" ቢላት "ክቡ ለማን ነው?" አለችው። ገፋው። የጠዋቱ ብርሃንም በበሩ ገብቶ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ አንቺ የተኛሽበት።

ልኩን ሁሉ በሌላው ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ። መምህርሽ ምን ይል ይሆን ብለሽ እንዳታቀኚው። እንዳለ ሳዪው።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደ ጻድቅ